መሥራቹ፣ ፊልሙና ውሉ

ጨካኝ የንግድ መሥራች በፊልም ላይ ሲታይ ከሩቅ ይታወቃል። ወዳጅ የለውም፤ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፣ ትንሽ ይተኛል፣ አብሮት የጀመረውን ሰው ገፍቶ ይከብራል፣ ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1941 በ«ሲቲዝን ኬን» ያቆመው ይህ ምስል በ2007 «ዜር ዊል ቢ ብለድ» ላይ በነዳጅ ቆፋሪው ዳንኤል ፕሌንቪው፣ በ2010 «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» ላይ በፌስቡኩ መሥራች፣ በ2016 «ዘ ፋውንደር» ላይ በማክዶናልዱ ሬይ ክሮክ ተመልሶ መጥቷል። አራቱም ፊልሞች የሚጨነቁት ለሰውየው ነፍስ ነው፤ ምን ቢጎድለው እንዲህ ሆነ?

የንግድ ሥነ ምግባር ግን ከነፍሱ በፊት የሚመረምራቸው ነገሮች አሉት። ማን ምን ፈረመ? ማን ሳይገባው ፈረመ? ትርፉ በማን ስም ተመዘገበ፣ ዕዳውስ ማን ላይ ቀረ? እነዚህ ለካሜራ ስለማያምሩ ከፊልሙ ይወጣሉ። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ የሚከተለው ይህን ክፍተት ነው። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ቢቸና ላይ ጤፍ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን አረጋዊ ነጋዴ እና ሞጣ ላይ የንግድ ሥራ ትምህርት የምታስተምር መምህርት። ወሬው ከአሜሪካ ቢጀምርም የሚያርፈው ጤፍ ላይ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ለቢቸና የቤት ጉዳይ ነው።

ነጋዴው፦ መምህርት፣ መጀመሪያ ጨካኝ የሚባለውን ለይተሽ አሳዪኝ። ገበያ ገር ሰውን አያኖርም። ጤፍ በጥር ሲረክስ ገዝቶ በነሐሴ ሲወደድ የሚሸጥ ሰው ስሙ ሁልጊዜ ክፉ ነው። ግን ጤፍን ነቀዝ ባይደፍረውም መጋዘን ኪራይ ይበላል፣ ጫኝና አውራጅ ይከፈለዋል፣ ዋጋው ቢወድቅ የሚከስረው እሱ ነው። ይህን ጨካኝ ካልነው ነጋዴ የሚባል አይተርፍም።

መምህርቷ፦ ያ ብርቱ ነው እንጂ ጨካኝ አይደለም፣ ጋሼ። ኪሳራውን ራሱ ተሸክሟል፤ ገበሬውም የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ፣ ሁለት ሦስት ሚዛን ዞሮ ነው የሸጠለት። በክረምት ጎተራው ሲራቆት ለዚያው ገበሬ ገንዘብ ሰጥቶ፣ በመኸር የብሩን እጥፍ ጤፍ የሚያሰፍረው ግን ሌላ ነው። የእሱ ትርፍ የመጣው ከጤፉ ሳይሆን ገበሬው እምቢ ማለት ከማይችልበት ቀን ነው። የወንጀል ሕጉ አራጣን የሚቀጣው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሁለት ነገር ይታያል፦ ጉዳቱን ማን ተሸከመ፣ የተሸከመውስ ሰው አውቆና መርጦ ነው ወይ?

ነጋዴው፦ ይህ ለማንኛውም ነጋዴ ይሠራል። መሥራቹን ለብቻው ያስነሣሽው ለምንድን ነው?

መምህርቷ፦ ነጋዴ ቀድሞ ባለ ደንብ ውስጥ ይገባል፤ መሥራች ደንቡን ራሱ ይጽፋል። ድርጅት ሲጀመር ሁሉም ነገር በቃልና በመተማመን ነው። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ አንዱ ሐሳብ፣ አንዱ ሌሊትና ቀን ጉልበቱን። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ስሙ የማን እንደሆነ፣ ቢፈርስ ማን ምን እንደሚወስድ በወረቀት የሚሰፍረው በኋላ ነው፤ ድርጅቱ ዋጋ ማውጣት ሲጀምር። በዚያን ሰዓት ብዕሩን የያዘው ሰው ያለፈውን ሁሉ እንደገና መጻፍ ይችላል። የመሥራች ጭካኔ እዚያች ላይ ነው የሚፈተነው። ቁጡ መሆኑ፣ ሠራተኛ መሳደቡ፣ ልጁን መርሳቱ መጥፎ ጠባይ ነው፤ ፊልም የሚወደውም ያንን ነው።

ነጋዴው፦ የማክዶናልዱን አምጪው። እሱ ላይ ጠባይ ብቻ አይደለም የሚታየው።

መምህርቷ፦ እውነት ነው፤ ከአራቱ ወደ ነገሩ በጣም የቀረበው እሱ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ የሚባሉ ወንድማማቾች ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን በርናርዲኖ ላይ እ.ኤ.አ. በ1940 ምግብ ቤት ከፈቱ። በ1948 አሠራሩን ከሥሩ ለወጡት። የምግቡን ዝርዝር አሳጠሩ፣ አስተናጋጅ አስቀሩ፣ ማዕድ ቤቱን እንደ ፋብሪካ አሰናድተው ሳንዱቹን በሰከንዶች ያደርሱ ጀመር። ሬይ ክሮክ በ1954 ያገኛቸው ሚልክሼክ መምቻ ማሽን ሲሸጥላቸው ነው፤ ዕድሜው ከ50 አልፏል፣ ብዙ ነገር ሞክሮ አልሆነለትም። ስሙንና አሠራሩን ለሌሎች ባለ ምግብ ቤቶች እያከራየ እንዲያስፋፋ ተዋዋሉ። ከእያንዳንዱ ቤት ሽያጭ 1.9 በመቶ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ውስጥ 0.5 በመቶው የወንድማማቾቹ ነው። የራሱን የመጀመሪያ ቤት በ1955 ኢሊኖይ ውስጥ ዴስ ፕሌንስ ላይ ከፈተ።

ነጋዴው፦ ከ1.9 ላይ 0.5 ሲወጣ ለእሱ ብዙም አይተርፈውም። ቢሮ አለ፣ ሠራተኛ አለ።

መምህርቷ፦ አልተረፈውም። ያዳነው ሃሪ ሶነቦርን የተባለው የሒሳብ ሰው ነው። ምክሩ አጭር ነበር፦ ቤቱ የሚሠራበትን መሬት አንተ ያዝ፣ ለባለ ምግብ ቤቱ አንተ አከራየው። ከዚያ በኋላ ገቢው ከሳንዱች መቶኛ ወደ መሬት ኪራይ ዞረ። ከገቢውም በላይ ሥልጣን አመጣለት፤ ያላከበረውን ተከራይ ከመሬቱ ማስነሣት ይችላል። ወንድማማቾቹ የያዙት ውል ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ስም እንጂ ስለ መሬት አያወራም። አሠራር ለመቀየር ፈቃዳቸው ያስፈልግ ነበር፤ መሬት ለመከራየት ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ውሉን ሳይጥስ ውሉን ባዶ አደረገው። በእኔ አስተያየት የዚያ ፊልም ዋናው ቦታ ይህ የሶነቦርን ንግግር ነው፤ ተመልካቹ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ያለውን የእጅ መጨባበጥ ነው።

ነጋዴው፦ እሱንም አስታውሳለሁ። በ1961 በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ሙሉ በሙሉ ገዛቸው፤ 1 በመቶ ደግሞ ለዘላለም እሰጣችኋለሁ ብሎ በእጅ ተጨባበጠ፤ ካደ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ!

መምህርቷ፦ በፊልሙ እንደዚያ ነው። ከፊልሙ ውጭ ግን የመጨባበጡ ነገር ከወንድማማቾቹ ቤተሰብ በኩል የሚነገር እንጂ በወረቀት የተገኘ አይደለም። ፊልሙ አከራካሪውን ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ ያሳየዋል፤ ምክንያቱም ክህደት በእጅ መጨባበጥ ይታያል፣ በኪራይ ውል አይታይም። ያለ ክርክር የተፈጸመው ይህ ነው፦ የሳን በርናርዲኖው የመጀመሪያ ቤት ከሽያጩ ውጭ ሆኖ ለወንድማማቾቹ ቀረ፣ ስሙ ግን ተሸጧልና በራሳቸው የቤተሰብ ስም መነገድ አልቻሉም። «ቢግ ኤም» ብለው ሰየሙት። ክሮክ አጠገባቸው ማክዶናልድ ከፈተ፤ የእነሱ ተዘጋ።

ነጋዴው፦ ይህ የመጨረሻው ቂም ነው፣ ንግድ አይደለም። አንድ ምግብ ቤት ለእንደዚያ ያለ ኩባንያ ምን ያጎድልበታል? ግን ለክሮክ ልከራከርለት። ያለ እሱ ያ ምግብ ቤት ሳን በርናርዲኖ ላይ ይቀር ነበር። ወንድማማቾቹ ከመንደራቸው መውጣት የማይፈልጉ ጠንቃቆች ነበሩ። ሐሳብ ያለው ሰውና ሐሳቡን የሚያደርሰው ሰው እኩል ሊከበሩ አይገባም?

መምህርቷ፦ ሊከበሩ ይገባል፤ ክርክሩም የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። «አስፋፍቶታል፣ ስለዚህ ይገባዋል» ሲባል ለማስፋፋቱ የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው ሥራ አንድ ላይ ይጠቀለላል። መሬት መከራየቱ ለመስፋፋት ያስፈልግ ነበር። የወንድማማቾቹን 0.5 በመቶ ማስቀረት፣ የመጀመሪያውን ቤት ስም መንጠቅ፣ በኋላም ራሱን መሥራች ብሎ ማስጠራት ግን ለአንድም ሳንዱች መሸጥ አላስፈለገም። ያለዚህም ይስፋፋ ነበር። ለእያንዳንዱ ድርጊት «ይህ ባይደረግ ኩባንያው ይቆም ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፊልሙ ርዕሱን «መሥራቹ» ብሎ በምፀት በመስጠቱ ብቻ ለዚህ ጥያቄ በር ከፍቷል፤ ስለዚህ እመርጠዋለሁ።

ነጋዴው፦ የፌስቡኩስ?

መምህርቷ፦ እሱ ላይ ብዙ አንቆይም፤ በሲኒማነቱ የላቀ ነው፣ የስክሪፕቱን ጨምሮ 3 ኦስካር ወስዷል፣ ስለ ጉዳዩ የሚነግረን ግን አነስተኛ ነው። ነገሩ የአክሲዮን ነው። ኩባንያው በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ ሲጀመር ኤድዋርዶ ሳቬሪን የመነሻ ገንዘብ አወጣ። በኋላ አዲስ አክሲዮን ወጣ፤ የእሱ ድርሻ ግን አልጨመረም። 100 አክሲዮን ካለው ማኅበር 30 የያዘ ሰው፣ 900 ሌላ ተጨምሮ ለሌሎች ሲሰጥ 30ው በእጁ ነው፤ ግን ከሲሶ ገደማ ወደ 3 በመቶ ወርዷል። ማንም ከኪሱ አልወሰደበትም። ሳቬሪንና ኩባንያው ተካሰሱ፣ ታረቁ፣ የሳቬሪን ስም ከመሥራቾቹ ጋር ተመለሰ። ፊልሙ ይህን ለማሳየት ሲቸገር አንዲት ፍቅረኛ ፈጠረ፤ መሥራቹን እሷ ስለተወችው በብስጭት ኩባንያ የመሠረተ አስመሰለው። እውነተኛው ሰው ግን የኋላ ባለቤቱን ያወቃት በ2003 ነው። የአክሲዮን መዝገብ ውስጥ ያለውን ጭካኔ ወደ ተሰበረ ልብ አዞሩት።

ነጋዴው፦ በእኛ ሕግ እንዲህ ማድረግ ይቻላል?

መምህርቷ፦ በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ ካፒታል ሲጨምር ነባር ባለ አክሲዮኖች በድርሻቸው መጠን አዲሱን አክሲዮን ቀድመው የመግዛት መብት ነበራቸው። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። መብት መኖሩ ግን አንድ ነገር ነው፤ ለስብሰባው ጥሪ የደረሰው፣ ቃለ ጉባኤውን አንብቦ የፈረመው ባለ አክሲዮን ስንት ነው? በወንድማማችና በጓደኛ ሽርክና ውስጥማ ቃለ ጉባኤ መጠየቅ ነውር ይመስላል።

ነጋዴው፦ ነውር ብቻ? ጠብ ነው። «አታምነኝም?» ይባላል። ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። እነዚህን ፊልሞች የሚሠሩ ሰዎች የሚያወግዙ ይመስላሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ያንኑ የተወገዘውን ሰው ለመሆን ይመኛሉ።

መምህርቷ፦ አዲስ አይደለም። ኦሊቨር ስቶን በ1987 «ዎል ስትሪት»ን የሠራው ስግብግብነትን ለማውገዝ ነበር። ጎርደን ጌኮን ሆኖ የተጫወተው ማይክል ዳግላስ ኦስካር አገኘበት፤ ከዚያ ወዲያ ግን «አንተን አይቼ ነው እዚህ ሥራ የገባሁት» የሚሉ ወጣቶች እየመጡ እንዳስቸገሩት ደጋግሞ ተናግሯል። ካሜራ የሚያየውን ሰው ያስከብራል። በእኛ ዘንድም «ሰው ለሰው» ድራማ በኢቲቪ ሲታይ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠብቀው አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ነበር። ሀብታም፣ ጨካኝ፣ አስፈሪ፤ ግን ሲናገር ቤቱ ጸጥ ይላል።

ነጋዴው፦ አስናቀ ሲመጣ ልጆችም አይላወሱም ነበር። ሀብቱን ግን ምን ነግዶ አገኘው ብትይኝ እንጃ!

መምህርቷ፦ ዋናው ነገር ይኸው ነው። በአማርኛ ፊልምና ድራማ ሀብታሙ ብዙውን ጊዜ ሀብታም ሆኖ ነው የሚገባው። ቪላ አለው፣ መኪና አለው፣ ልጁ ድሃ ትወዳለች ወይም ወንድ ልጁ ይባልጋል። የንግድ ፈቃዱ፣ የባንክ ብድሩ፣ የሸሪኩ ስም አይነሣም። የራሴ ግምት እንዲህ ነው፦ የእኛ ጥበብ ጨካኝ ባለ ሀብትን የቀረጸው በባለ ርስቱና በጌታው አምሳያ ነው። ሩቅ አንሂድ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ያልተለመደ ግብር ጠይቀው ባላገሩ ያመጸባቸው በዚሁ በጎጃም ነው፤ ደራሲው ራሳቸው የተማሩበት ዲማ ጊዮርጊስም የእርስዎ ጎረቤት ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ላይ ደግሞ ባለ መሬቱ ተቀምጦ እየጮኸ ያዛል፤ በመጨረሻ ከበበ የሚባለው «እብድ» ይገድለዋል። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም ውስጥ ግን ጨካኙ የወረሰ እንጂ የመሠረተ ሰው አይደለም። የወረሰ ሰው ምንም አልፈጠረምና እሱን መውቀስ ቀላል ነው። መሥራች ግን አንድ ነገር ፈጥሯል፤ ክብርና ወቀሳ አንድ ላይ ይገባዋል። ይህን አንድ ላይ መያዝ ነው የከበደን።

ነጋዴው፦ ፊልሙ ብቻ አይደለም የከበደው። በ1968 ዓ.ም. የመጣው አዋጅ ጅምላ ነጋዴ ከ300 ሺህ ብር፣ ቸርቻሪ ከ200 ሺህ ብር በላይ ካፒታል እንዳይኖረው አለ። ፋብሪካ ከሆነ 500 ሺህ። በሐቅ የሠራውም በግፍ ያገኘውም በአንድ ቁና ተሰፈረ። ከመስመሩ በላይ ያለ ሁሉ በዝባዥ፣ በታች ያለ ሁሉ ንጹሕ።

መምህርቷ፦ በመጠን ዳኙት፤ በሥራ አልዳኙትም። የስምጥ ሸለቆን ሆቴሎች ያስፋፉትን በቀለ ሞላን ይመልከቱ። እንዴት እንደጀመሩ፣ ከማን ጋር ተዋውለው በምን እንዳደጉ የሚያሳይ የፊልም ታሪክ አላየሁም። መጥፎም ይሁን ጥሩ፣ ሥራው ራሱ አልታየም።

ነጋዴው፦ ያልጎዳ መሥራችማ ጭራሽ ፊልም አይሆንም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለውን ሰባራ ድልድይ ተመልከቺ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እንደተሰበረ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተሳበ ይሻገር ነበር። አንድ አሜሪካዊ ፎቶውን መጽሔት ላይ አይቶ መጣና አስጠገነው።

መምህርቷ፦ ኬን ፍራንትዝ። በ2001 እ.ኤ.አ. ፎቶውን አይቶ ድልድይ የሚሠራ ግብረ ሰናይ ድርጅት መሠረተ፤ በ2002 ሰባራው ተጠገነ። በኋላ ጎርፍ ጥገናውን ሲወስደው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እውነትዎን ነው፤ የሚከዳ ሰው ስለሌለበት ለፊልም አይመችም። እኔ ግን የጎደለው ፊልም ሌላ ነው እላለሁ። የጤፉ።

ነጋዴው፦ የሆላንዱ? ወሬውን ሰምቻለሁ፤ ፍሬ ነገሩን አላገኘሁትም።

መምህርቷ፦ ቀስ ብለን እንሂድበት፤ ከላይ ያነሣነው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስንዴ ለማይስማማቸው ሰዎች ይሆናል። ያንስ ሩስየን የሚባል የኔዘርላንድ ሰው ይህን አይቶ ጤፍን አውሮፓ ውስጥ ማምረትና መሸጥ ጀመረ። በ2003 እ.ኤ.አ. ለምርምር ተብሎ ከ1 ሺህ ኪሎ በላይ የጤፍ ዘር ከኢትዮጵያ ወጣ። በዚያው ዓመት የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የእኔ ፈጠራ ነው የሚል ማመልከቻ ለኔዘርላንድ የፈጠራ ጽሕፈት ቤት ቀረበ፤ ቀጥሎም ለአውሮፓው።

ነጋዴው፦ ምንድን ነው ፈጠራው? ወፍጮ ነው?

መምህርቷ፦ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት እንዲያርፍ ተደርጎ ሲፈጭ፣ የዱቄቱ ባሕርይ በላቦራቶሪ ልኬት ከተወሰነ ቁጥር በላይ ይሆናል፤ ለመጋገርም ይመቻል ነው የሚለው። መብቱ ዱቄቱን፣ ሊጡንና ከእሱ የሚጋገረውን ይሸፍናል።

ነጋዴው፦ ጤፍ ከአውድማ ወጥቶ ያን ዕለት የሚፈጭ ማን አለ? ይቀመጣል እኮ! ለእንጀራ አዲስ ጤፍና የከረመ ጤፍ እኩል እንዳልሆነ የቢቸና ሴት ሁሉ ታውቃለች።

መምህርቷ፦ የምታውቀውን ግን የትም አልጻፈችውም። ለፈጠራ መርማሪ ያልተጻፈ እውቀት እንደሌለ ይቆጠራል። እንቀጥል። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት እና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለው የሩስየን ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው 12 የጤፍ ዓይነቶችን መጠቀም ይችላል። በምላሹ ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ ለጤፍ ገበሬዎች በሚቋቋም ፈንድ ያስገባል፤ በዓመት ከ20 ሺህ ዩሮ ማነስ የለበትም። ይህ ውል በወቅቱ ለዓለም አርአያ ተብሎ ተወድሶ ነበር። የፈጠራው ማመልከቻ ግን ውሉ ሲፈረም አስቀድሞ ገብቷል። በጥር 2007 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት መብቱን ሰጠ።

ነጋዴው፦ በዚያው ሰሞን ነው መንግሥት ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያገደው። እህሉን ከለከልን፣ ስሙን ለቀቅን!

መምህርቷ፦ እገዳው በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ መጣ፤ ምክንያቱም የአገር ውስጥ ዋጋ ነበር፣ እስከ 2015 ቆየ። ነገሩ ግን እንዳሉት ተገጣጠመ። ከኩባንያው የመጣው ገንዘብ በጠቅላላው 4 ሺህ ዩሮ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከሰረ።

ነጋዴው፦ መክሰር ወንጀል አይደለም። እኔም የምከስርበት ዓመት አለ።

መምህርቷ፦ አይደለም፤ ለሩስየንም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ጤፍ ለአውሮፓ አዲስ ነገር ነበር፣ ገበያው ጠባብ ነበር፣ ኩባንያው እንደታሰበው አላተረፈም። ከሌለ ትርፍ 5 በመቶ አይወጣም። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚመጣው ከኪሳራው ማግስት ነው። የፈጠራ መብቱ ከኩባንያው ጋር አልተቀበረም። ኤንሸንትግሬን ለሚባል፣ ከቀድሞዎቹ ኃላፊዎች ጋር ለተያያዘ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ጤፉ መሸጡን ቀጠለ። ኢትዮጵያ የተዋዋለችው ግን ከከሰረው ጋር ነው። መብቱ አንድ ኩባንያ ዘንድ ሄደ፤ ግዴታው ሌላው ዘንድ ቀርቶ ሞተ።

ነጋዴው፦ ክሮክና መሬቱ!

መምህርቷ፦ እሱው ነው። ውሉ አልተጣሰም ማለት ይቻላል፤ የሚይዘው አካል ጠፋ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም እጁን ጨብጦ አልካደም። የሩስየን ጠባይ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ለቤተሰቡ ደግ፣ ለሠራተኛው ታጋሽ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጨካኙን በፊቱ የሚያሳውቁን ፊልሞች እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ዓይናችንን ያላሠለጠኑት።

ነጋዴው፦ የእኛ ሰው ግን ወረቀት ምን እንደሚወስድ ድሮም ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣም ቢቸናም ያመጸው ግብሩ ከብዶት ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከተለካና ከተጻፈ ርስቴ ይሄዳል ብሎ ነው።

መምህርቷ፦ ፍርሃቱ መሠረት ነበረው፤ መከላከያው ግን ወረቀትን ማራቅ ሆነ። በጤፉ ጊዜ የደረሰብን ደግሞ የተቃራኒው ነው፤ ወረቀቱን ፈርመን ጎኑን አላየንም። የጎደሉት ጥቂት መስመሮች ናቸው። መብቱ ለሌላ ቢተላለፍ ግዴታውም አብሮ ይተላለፋል። ኩባንያው ቢከስር መብቱ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል። በጤፍ ላይ የቀረበ የፈጠራ ማመልከቻ ካለ ከመፈረሙ በፊት ይገለጻል። የእርስዎ ሽርክና ላይም ያው ነው፤ ሸሪክ ቢሞት፣ ቢሸጥ፣ ቢከስር ምን ይሆናል የሚለው ነው ውል የሚባለው። ሁሉም ደኅና ሲሆን ምን እንደሚሆንማ ያለ ውልም ይታወቃል።

ነጋዴው፦ ይህን ፊልም ማን ያየዋል? ፋይል ከፋይል ጋር ሲጣላ!

መምህርቷ፦ የቡናው ታይቷል እኮ። «ብላክ ጎልድ» በ2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተከተለው አንድ መሥራች ሳይሆን የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኑን ሥራ አስኪያጅ ታደሰ መስቀላን ነው። ሰውየው ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራል፤ ገበሬው የሚያገኘውና የአንድ ስኒ ዋጋ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዚያው ወቅት ኢትዮጵያ ሐረር፣ ይርጋጨፌና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ተስማማች። አንድ ጨካኝ ፊት የለበትም፤ ግን ሰው አየው፣ ተነጋገረበት። ለጤፉም ካሜራው ከሩስየን ቢሮ ይልቅ ከተፈራራሚዎቹ ጠረጴዛ ቢጀምር ይሻል ነበር፤ ውሉ ላይ ምን ተነበበ፣ ምን ታለፈ? ይህ ለእኛ ለራሳችንም የሚመር ፊልም ይሆናል። የእኛን ባለሥልጣን ቸልተኝነት ሳያሳይ የውጭውን ሰው ብቻ ጭራቅ ቢያደርግ ግን አስናቀን ሆላንድኛ ማናገር ነው።

ነጋዴው፦ መጨረሻውስ? በ2011 ዓ.ም. አሸነፍን ተብሎ ነበር።

መምህርቷ፦ የሆነው እንዲህ ነው። ኤንሸንትግሬን፣ ቤከልስ የተባለ የዳቦ ግብዓት ኩባንያን «የጤፍ መብቴን ጥሰሃል» ብሎ ከሰሰ። ቤከልስ «መጀመሪያውኑ መብት የሚያሰጥ ፈጠራ የለም» ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ለቤከልስ ፈረደ፤ የፈጠራ ደረጃ የሚያሟላ ነገር የለውም ብሎ የኔዘርላንዱን መብት ሰረዘ። ይግባኝ ሳይባል ጊዜው ሲያልፍ ዜናው አዲስ አበባ ደረሰ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም አበሠረ።

ነጋዴው፦ እንግዲያ ለኢትዮጵያ ተፈርዷል።

መምህርቷ፦ ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ስለ ገበያቸው ተከራከሩ፤ ለእኛ የደረሰን ውጤቱ ነው። ፍርዱ የጸናውም በኔዘርላንድ ውስጥ ነው። በ1997ቱ ውል የተጻፈው 5 በመቶና በዓመት 20 ሺህ ዩሮው በዚያ ችሎት አልተነሣም፤ የሚጠየቀው ኩባንያ ከከሰረ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር።